ከእሱ በፊት ምን ተፈጨ? የእህቴ ልጅ ከግሉተን ነጻ አስቤዛ፣ ባህር ዳር

ይሄን የምጽፈው ሴሊያክ የሚባል፣ ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚጎዳበት በሽታ ያለበትን የእህቴን ልጅ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል ስንት ሰው ደውሎ «የኔም ልጅ እንደዛ ተባለ፣ ምንድነው የምትገዙለት» ብሎ ጠየቀኝ፣ በስልክ አሳጥሬ ስነግራቸው ደሞ ዋናው ነገር ሁሌ ይቀራል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ምን እንደሚገዛ ነው፣ እኛን ግን አምስት ወር ሙሉ ያለፋን የገዛነው ነገር ቤታችን እስኪደርስ ያለፈበት መንገድ ነው።

ልጁ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር፣ ክብደቱ 17 ኪሎ። ሆዱ ነፋ ብሎ እጅና እግሩ ቀጫጭን፣ ፊቱ የገረጣ፣ ከሰፈራችን ከሽምብጥ እስከ ት/ቤቱ ያለችውን መንገድ ሁለቴ ቁጭ ብሎ አርፎ የሚጨርስ ልጅ። ተቅማጡ ይመጣል ይሄዳል። መጀመሪያ ጃርዲያ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ወሰደ፣ ከዛ አሜባ፣ ከዛ የወስፋት፣ ከዛ እንደገና ጃርዲያ። ደሙ ሲታይ ሄሞግሎቢኑ 8.1፣ የአይረን ሽሮፕ ለወራት ጠጣ፣ ፈቀቅ አላለም። እኛ ደግሞ ደም ይሙላለት ብለን ያደረግነውን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይላወሳል፤ ጠዋት በሶ በማር፣ ከሰዓት አንድ ጠርሙስ ማልት፣ አያቱ ደሞ ከዳንግላ የገብስ ቆሎ በየሳምንቱ ትልክለታለች። ሦስቱም ገብስ ናቸው። ልጁን ስናበረታው የከረምነው በሚያሳምመው ነገር ነበር።

ነገሩን የያዘው አንድ ወጣት ሐኪም ነው። «አይረኑን በደንብ እየጠጣ ካልሰራ አንጀቱ አይቀበለውም ማለት ነው፣ ለምን እንደማይቀበለው እንይ» አለ። ደሙ ተወስዶ ለአንቲቦዲ (ሰውነት ጠላት ነው ያለውን ለመዋጋት ደም ውስጥ የሚያመነጨው ነገር) ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ መጣ፣ ከዛ አዲስ አበባ ወስደነው በኢንዶስኮፒ፣ ማለት ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው፣ ከቀጭኑ አንጀቱ ናሙና ተወሰደ፣ ሴሊያክ ነው ተባለ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ምርመራው ሁሉ እስኪያልቅ ስንዴና ገብሱን እንዳታቆሙበት ብሎን ነበር፣ ካቆመ አንቲቦዲው ይወርድና አንጀቱም ማገገም ይጀምርና ውጤቱ «ምንም የለም» ብሎ ሊወጣ ይችላል። በግምት ዳቦ አስቁመው ከወር በኋላ ለምርመራ የሚሄዱ ሰዎች የሚሸወዱት በዚህ ነው።

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። ሰውነት በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለውን ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲያገኝ የራሱን አንጀት ነው የሚያጠቃው። ቀጭን አንጀት ውስጥ እንደ ምንጣፍ ጸጉር የቆሙ ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ምግብ የሚመጠጠው በነሱ ነው፣ እነሱ ይላጫሉ ይተኛሉ፣ ከዛ የተበላው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። መድኃኒት የለውም፣ ማቆም ብቻ ነው፣ እድሜ ልክ። ሐኪሙ እንደነገረን ዲኬ የሚባል የኔዘርላንድ የልጆች ሐኪም ነበረ፣ ስንዴን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በጦርነቱ ረሃብ ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ ግን ሌላው ልጅ ሁሉ እየከሳ እነዚህ ልጆች ተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ። እህቴ ይሄን ስትሰማ እዛው ቢሮው ውስጥ አለቀሰች።

እንግዲህ አስቤዛው ተጀመረ። እኔ ቤት ውስጥ ኬክና ድፎ ዳቦ በትዕዛዝ እየጋገርኩ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ዱቄት አውቃለሁ ብዬ ኃላፊነቱን ወሰድኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፣ ከተማው ውስጥ ያሉትን ሱፐርማርኬቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። «ግሉተን የሌለው ነገር አላችሁ?» ስል «ግሉኮስ የሌለው?» ይሉኛል። የስኳር በሽተኛ ብስኩት አምጥተው ይሰጡኛል፣ እሱ ደሞ ሙሉ ስንዴ ነው። አንዱ ጋ በመጨረሻ ከውጪ የመጣ ፓስታ አገኘሁ፣ ከግሉተን ነጻ መሆኑን የሚያሳየው የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለው፣ ግማሽ ኪሎው በስንት ተራ ፓስታ ዋጋ። የልጁ አጎት ከአዲስ አበባ ብስኩትና የዳቦ ዱቄት እያመጣ ጥቂት ሄድን፣ ከዛ መንገድ ሲዘጋ እሱም ቆመ። ኮርንፍሌክስም ገዝቼለት ነበር፣ በቆሎ ነው ብዬ፣ ጀርባውን ሳነበው የገብስ ብቅል አለበት፣ ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው። «ስንዴ የለውም» የሚል ነገር ከግሉተን ነጻ ነው ማለት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ሦስት ወር ሞላ፣ ልጁ ዳቦ አልቀመሰም፣ ማካሮኒ አልቀመሰም፣ በሶና ማልት ቀረ። ሆዱ ግን እንደተነፋ ነው፣ ክብደቱ 17 ኪሎ ከ4። እህቴ ተስፋ ቆረጠች፣ ባሏ ጸበል እንውሰደው አለ፣ ወሰዱትም፣ ጥሩ አደረጉ። እኔ በዛው ሳምንት ደብተር ገዛሁና ከሰኞ እስከ እሁድ አፉ የገባውን ሁሉ ጻፍኩ፣ ውሃም ሳይቀር። ደብተሩ ላይ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚመጣው ነገር እንጀራ ነው። ጤፍ ደሞ ግሉተን የለውም፣ ይሄን እኛ ብቻ ሳንሆን እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መርምረው አሳትመውታል፣ ስለዚህ እንጀራውን ማንም አልጠረጠረውም። ግን እንጀራውን የምንገዛው ሰፈር ውስጥ ጋግረው ከሚሸጡ እናት ነበር። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ይሄ እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ ጤፍ ብቻማ በዚህ ኑሮ ማን ችሎ? ሩዝ አለበት፣ በቆሎ አለበት፣ ትንሽ ፉርኖ ዱቄትም ጣል አደርግበታለሁ። ምነው፣ ሻከረባችሁ?»

አልደበቁኝም፣ ጠይቀናቸው ስለማናውቅ ነው እንጂ። የልጁን ነገር ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ «ያን ሁሉ ቀን እኔ ነኛ» አሉ፣ እኔም አይደለም እትዬ፣ ማንም አላወቀም አልኳቸው። ዛሬ ድረስ ልጁን በየበዓሉ እየመጡ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ከዛ እኔው ልጋግር አልኩ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የአዴት ማኛ ገዛሁ፣ ዱቄት ሳይሆን ጤፉን። ዱቄት በጭራሽ አትግዙ፣ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ዓይን አያየውም፣ እህል ግን ይታያል። ጤፍ ደሞ የሰጠን አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ትንሽነቱ። ጠበብ ባለ ወንፊት ስትነፉት ጤፉ ሁሉ ይወርዳል፣ ስንዴና ገብሱ ግን ወንፊቱ ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያዋን አንድ ኪሎ ነፍቼ የቀረውን ነጭ ሰሃን ላይ ገለበጥኩትና በጣቴ እየለየሁ ቆጠርኩ፣ ጠጠር፣ ገለባ፣ የዳጉሳ ፍሬ፣ ደሞ 14 የስንዴና የገብስ ፍሬ። አስራ አራት ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ የስንዴ ፍሬ 40 ሚሊግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከዛ ውስጥ 3 ወይም 4 ሚሊግራሙ ግሉተን ነው። ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ ዓለም የተስማማበት ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ጤፍ አምስት ስድስት ፍሬ። ለአንድ በሽተኛ በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ይሁን ነው የሚሉት፣ ሦስት ፍሬ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰሃኑ ላይ ያሉት 14 ፍሬዎች ከጣሪያው በላይ ናቸው። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ዝም ብላ ስታያቸው ቆየችና አንዷን አንስታ በጥርሷ ሰበረቻት።

ጆንያውም አለ። ነጋዴው ጤፉን የሚሰፍርልን ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ነው፣ ያ ማዳበሪያ ትናንት የፉርኖ ዱቄት ይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ገልብጣችሁ ብታራግፉት ነጭ ብናኝ ይቦናል። አሁን የራሴን ከረጢት ከቤት አጥቤ ነው ይዤ የምሄደው።

እና ጤፉን ለቅሜ ነፍቼ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ፣ ድካሜ ሁሉ ገደል የገባው እዛ ነው። ከፊቴ አንዲት ሴት ስንዴ እያስፈጨች ነበር። ተራዬን ጠብቄ የኔን ጤፍ በዛው አፍ አፈሰሱት። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ቀለሙ ነጣ ያለ ነበር፣ ከዛ እየቀላ፣ ከዛ የጤፍ መልኩን ያዘ። ያ የነጣው የሴትየዋ ስንዴ ነው። በዓይኔ አይቼው እኮ ነው ይዤው ቤት የገባሁት፣ ማታ ላይ ነው አልጋ ውስጥ ሆኜ የነቃሁት።

በማግስቱ ባለወፍጮውን አባባን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ሦስት ወፍጮ አላቸው፣ አንዱን የጤፍ ነው ይላሉ፣ ግን ሰው ሲበዛ ስንዴም ዳጉሳም ያው እዛው ነው የሚሄደው። ሦስተኛው የበርበሬና የሽሮ ነው፣ በሶም እዛው ይፈጫል። ይሄን ስሰማ ሽሮአችን ትዝ አለኝ፣ ያ ሁሉ አተርና ሽምብራ ንጹሕ ሆኖ የበሶ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ነበር። ልጁ ደሞ ሽሮ በቀን ሁለቴ ነው የሚበላው።

«አባባ፣ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ብመጣ ጠርገው ይፈጩልኛል?»

«ለልጅ ጤና ነው ካልሽ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነይ፣ እኔ ራሴ ጠርጌ እጠብቅሻለሁ።»

ጠብቀውኝ አገኘኋቸው። አሁን አሰራራችን ይሄ ነው፣ በወር አንዴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ፣ አባባ አፉንና መውረጃውን በመጥረጊያ ይጠርጉልኛል፣ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ርካሽ የፎገራ ሩዝ እንለቅበታለን፣ ወፍጮውን ያጥበዋል፣ ያን ዱቄት ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ከዛ ጤፉ ይገባል፣ የጤፉንም የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ኪሎ ለብቻ ይዤ እህቴና ባሏ ይበሉታል፣ ልጁ አይነካውም። ሽሮውም በሦስተኛው ወፍጮ በዚሁ መንገድ። ለማስፈጫው ትንሽ ጨመር አድርጌ እከፍላለሁ፣ አባባ አልቀበልም ብለው ነበር፣ አይሆንም አልኳቸው። ይሄ እንግዲህ ፍጹም አይደለም፣ አውቀዋለሁ፣ ላብራቶሪ የለንም። ግን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይልቅ ለልጁ የበጀው እኚህ ሰውዬ መጥረጊያ ይዘው ያሳለፉት አስር ደቂቃ ነው። አሁን ማንም ምግብ ሲሰጠኝ የምጠይቀው «ምንድነው?» ብዬ ብቻ አይደለም፣ «ከእሱ በፊት ምን ነበረበት?» ብዬ ነው።

በዚህ ጥያቄ ቤት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እርሾው ከጎረቤት የመጣ ነበር፣ ጎረቤት ደሞ ጤፉን በገብስ ነው የምታቦካው፣ ስለዚህ ደፋሁትና ከንጹሑ ጤፍ በውሃ ብቻ አዲስ ጀመርኩ፣ አራት ቀን ፈጅቶ ኮመጠጠ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፣ ሁለተኛው ተስተካከለ። ምጣዱ አምባሻ ሲጋገርበት የኖረ ሸክላ ነው፣ ሸክላ ደሞ ይመጥጣል፣ አዲስ ገዝተን በጎመን ዘር አሟሸነው። የእንጨት ማማሰያና መክተፊያውንም ቀየርን። ብዙ ሰው «እሳት ያቃጥለዋል» «ሲቦካ ይጠፋል» ይለኛል፣ አይጠፋም፣ ግሉተን ተህዋስ አይደለም፣ ቢፈላም ቢጠበስም ያው ነው።

ደብተሩ ላይ ሁለት ቦታ ቀርተውኝ ነበር። አንዱ ቅዳሜ ነው። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ወስዶ አሳ ያበላዋል፣ ቆሮሶ ጥብስ፣ ልጁ ለሳምንቱ የሚጠብቃት ነገር ናት። አሳ ምን ግሉተን አለው? ምንም። ግን ጓዳ ገብቼ ሳይ አሳው ዘይት ከመግባቱ በፊት ፉርኖ ዱቄት ላይ ይንከባለላል፣ እንዳይጣበቅና ጥርስ ላይ ኩርሽም እንዲል፣ ሳምቡሳም የሚጠበሰው በዛው ዘይት ነው። አሁን አባትና ልጅ ጠዋት ሐይቁ ዳር ከአሳ አጥማጆች ይገዙና ቤት መጥተው በበቆሎ ዱቄት ነስንሰን እንጠብሰዋለን፣ በቆሎውም በአባባ ወፍጮ የተፈጨ።

ሌላው ቦታ እኔ ቤት ነበር። ልጁ ከት/ቤት ሲወጣ እናቱ ከሥራ እስክትመጣ እኔ ጋ ነው የሚውለው፣ እኔ ደሞ በሳምንት ግማሽ ኩንታል ዱቄት የማገላብጥ ሰው ነኝ። ከሰዓት ጸሐይ በመስኮት ስትገባ አየሩ ላይ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ ይታያል፣ እሱ እዛ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራውን እየሠራ እጁን ይልሳል። ስንት ቀን አቅፌው በዱቄት እጄ ፊቱን ጠራርጌዋለሁ። የዛን ቀን ማታ እህቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት፣ እሷ አልተቆጣችኝም፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥራዬን ወደ ጓሮዋ ክፍል አወጣሁ፣ ልብስ ቀይሬ ታጥቤ ነው ከሱ ጋ የምቀመጠው።

የማኅበርና የጽዋ ነገር ቀላል ነው፣ ዳቦውም ጠላውም አይሆንለትም፣ ጠላ እንኳን ልጅ ነው አይጠጣም፣ ለእሱ ከቤት ይያዝለታል። ቅዱስ ቁርባኑን በተመለከተ እህቴ ለነፍስ አባቷ ነግራ ተመካክራለች፣ የተባለውን እዚህ አልጽፍም፣ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ነፍስ አባት ጋ ይነጋገርበት።

ልጁን ያስለቀሰው ቡሄ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ጓደኞቹ ጋ ሆያ ሆዬ ጨፍሮ የሰበሰበውን ሙልሙል ሌሎቹ እየገመጡ እሱ ይዞ ወደ ቤት መጣ፣ እናቱ ላይ ወርውሮት ተኛ። ያኔ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሙልሙል እሠራልሃለሁ አልኩት።

ስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጠው በግሉተኑ ነው፣ አየሩን እንደ ፊኛ የሚይዘው እሱ ነው። ጤፍ ላይ ያ የለም፣ ብታሹትም ጭቃ ነው፣ ይነፋና ይፈነዳል ይተኛል። ፈረንጆቹ ለዚህ ከውጪ የሚመጣ ሙጫ ዱቄት ይጨምራሉ፣ እዚህ አላገኘሁም፣ በአዲስ አበባም ዋጋው አይቀመስም። እንቁላል አደርግ እንዳልል ቡሄ ፍልሰታ ውስጥ ነው። መልሱ ተልባ ሆነ። ተልባ ለቅሜ፣ ቆልቼ ሳይሆን ጥሬውን፣ ቤት ውስጥ በሙቀጫ ወቅጬ በለብ ያለ ውሃ ሳርሰው በአስር ደቂቃ እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል፣ ማንኪያውን ስታነሱት ክር ሠርቶ ይወርዳል። አምስት ጊዜ ከተበላሸብኝ በኋላ የጸናልኝ ልክ ይሄ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ጤፍ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ የሩዝ ዱቄት፣ አንድ መካከለኛ ተቀቅሎ በደንብ የተፈጨ ድንች፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ የኑግ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ። ውሃው ይበዛል፣ አትፍሩት፣ ሊጡ በእጅ የሚድቦለቦል ሳይሆን በእርጥብ ማንኪያ የሚወጣ መሆን አለበት። አንዴ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ቅርጽ አውጥታችሁ ኮባ ላይ አስቀምጡት፣ ተነስቶ ሲያበቃ ይጋገራል። ትኩሱን አትቁረሱት፣ ውስጡ ሙጫ ይመስላል፣ ሲበርድ ነው የሚጸናው። ቤኪንግ ፓውደር የምትጠቀሙ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፣ መሙያው ስታርች ከስንዴም ሊሆን ይችላል።

የዘንድሮ ቡሄ 12 ሙልሙል ጋግሬ በከረጢት አንጠለጠልኩለት፣ መልኩ ጠቆር ያለ ነው። ልጆቹ «ይሄ ምንድነው» ብለው ቆርሰው ቀመሱት፣ አንዱ ጥቁር አዝሙዱን ወደደው፣ አንዱ ተፋው። የኛው ልጅ አራቱን እዛው መንገድ ላይ ጨረሰ።

አሁን 22 ኪሎ ገብቷል፣ ሄሞግሎቢኑ 11.9፣ አንቲቦዲው በጣም ወርዷል፣ ገና አልጠፋም። ሐኪሙ የቅርብ ቤተሰቡ ሁሉ ይታይ ብሎናል፣ የወላጅ፣ የእህትና የወንድም እድል ከሌላው ሰው በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ከ10 አንድ ገደማ ይደርሳል። የእናቱና የአባቱ ነጻ ነው ተባለ። ታናሽ እህቱ 5 ዓመቷ ነው፣ አሁን ከሱ ርቃ እኔ ጋ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ ትበላለች፣ ምርመራዋ እስኪያልቅ እንዳታቆም ስለተባለ። ደሟን ማክሰኞ እንሰጣለን።